ሞንታርቦ ያዘዘው መድኃኒት

የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን በከንቱ ይደክማሉ። አንድ ሐኪም ለማስመረቅ ስንት ዓመት ይፈጃሉ፤ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ግን አንድ ሞንታርቦ፣ አንድ ዣንጥላና አንድ ጆንያ አረንጓዴ ዱቄት ያለው ሰው ከማለዳ እስከ ቀትር ስኳሩን፣ ደም ግፊቱን፣ ሪሁን፣ ጨጓራውን፣ መካንነቱን ሁሉ ጨርሶ ከሰዓት በኋላ ወደ ቡሬ ይሳፈራል። ደም አይቀዳም፣ ሽንት አይመረምርም፤ «አያ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብሎ እንኳ አይጠይቅም። ለምን ይጠይቃል? መልሱ አስቀድሞ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ፣ ዋጋ ተለጥፎበታል።

ዱቄቱ የሽፈራው ቅጠል ነው። ሽፈራው ራሱ ምንም አልበደለም። ኮንሶዎች በየማሳቸውና በየግቢያቸው ተክለው እንደ ጎመን ይቀቅሉታል፤ ከማሽላና ከበቆሎ ድብልብል ጋር ኩርኩፋ ይሠሩበታል። ጋሞዎችም አለኮ ብለው ይበሉታል። ምግብ ነው፤ ያውም ጥሩ ምግብ። ጥፋቱ ወጥ ሆኖ መቅረቱ ነበር። እኛ ጎጃም አምጥተን፣ ካፕሱል ውስጥ ከትተን፣ ከወጥነት ወደ ሐኪምነት አሳደግነው።

ሞንታርቦው ሳይታክት የሚደግማት አንዲት ስሌት አለችው፦ ከብርቱካን 7 እጥፍ ቫይታሚን ሲ፣ ከካሮት 4 እጥፍ ቫይታሚን ኤ፣ ከወተት 4 እጥፍ ካልሲየም። ይህ የሚባለው ግራም ለግራም ሲመዘን መሆኑን፣ ቅጠሉ ሲደርቅም አብዛኛው ቫይታሚን ሲ እንደሚጠፋ ማስረዳት ግን የገበያ ሰዓት ማባከን ነው። እስቲ እኛ እንቁጠርለት። ከደረቁ ዱቄት ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ይህ እውነት ነው። አንድ ካፕሱል ግማሽ ግራም ያህል ይይዛል። የአንድ እንቁላል ፕሮቲን ለማግኘት እንግዲህ 50 ገደማ ካፕሱል መዋጥ ነው። ከዚያ በኋላ እንቁላል የሚበላ ሰው ጥርሱን ያለ ሥራ ያደክማል ማለት ነው።

ገዢው ደግሞ ከነጋዴው ይብሳል። የቢሮ ሠራተኛው፣ ዲግሪ ያለው፣ ከቋሪት በእግሯ የመጣችው እናት ዘርግታ የተቀመጠችበት የሐበሻ ጎመን ላይ ይቆምና «ውይ እማማ፣ ይህን ያህል? ቅጠል እኮ ነው!» ይላል። ሁለት ብር ለማስቀነስ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ከዚያ ሦስት እርምጃ ተራምዶ ለአንድ እሽግ ዱቄት የተጠየቀውን ሳይከራከር ይከፍላል። ያኛው ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ያለው ቅጠል ነው፤ ይህኛውም ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ያለው ቅጠል ነው። ጎመኑ የጎደለው ሞንታርቦ ብቻ ነው።

ስኳር ይቀንሳል የሚለውስ? በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አሉ፤ ትንንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም አይስማማም፤ በአንዳንዶቹ ከምግብ በኋላ ያለው ስኳር መጠነኛ ቅናሽ አሳይቷል። አብዛኛው ጥናት የተሠራው በአይጥ ላይ ነው። ከዚያም ውስጥ ብዙው የህንዱን ዝርያ የተመለከተ ነው፤ የኮንሶው ሌላ ዝርያ ነው። የፍኖተ ሰላም ሰው ግን በህንድ አይጥ ስም መዳን ከቻለ እኛ ምን ቸገረን?

«ከተፈጥሮ ነው፣ ጉዳት የለውም» የሚለውን ስብከት እጅግ አደንቃለሁ። ኮሶም ከተፈጥሮ ነው፤ አያቶቻችን ግን ለኮሶ መጠን ነበራቸው፣ የበዛበት ሰው ምን እንደሚሆን አይተዋልና። ለምች ዳማከሴ የሚጨምቁ እናቶቻችንም ዳማከሴ ስኳርን፣ ዓይንን፣ ኩላሊትን ይጠግናል ብለው መናኸሪያ ላይ አልጮኹም። ያልሠለጠኑ ነበሩ።

ከሁሉ የዋህ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነበሩ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ጅረት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች። በዚያው ቀን ሞንታርቦ ተከራይተው መጮኽ ሲችሉ ላቦራቶሪ ገቡ። መጠኑን፣ መርዝነቱን፣ አዘገጃጀቱን ሲፈትሹ ዓመታት አለፉ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ 1989 ደርሶ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት! የእኛ ሰውዬ ከደምበጫ ቡሬ እስኪደርስ ሃያ አምስት በሽታ ይፈውሳል።

ቅጠል መድኃኒት አይሆንም ያለ የለም። የጃቢ ጠህናን ቆላ ሰው ወባ ሲይዘው የሚሰጠው ኮአርተም አንዱ ክፍሉ ከቻይና አርጤሚስያ ቅጠል ከሚወጣ ንጥረ ነገር የሚሠራ ነው፤ ያን ንጥረ ነገር ያገኙት ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን እንኳ ዘሩ ቢቆጠር አንድ የአውሮፓ ተክል ላይ ይደርሳል። ተክሉ በግ ይመርዛል፤ ኬሚስቶች ግን በ1922 በተክሉ ውስጥ ካለው ንጥረ ነገር ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆነ ውህድ ሠሩ፣ ፈረንሳይ ውስጥም በ1957 ለሕሙማን መሰጠት ጀመረ። እነሆ ቀልዱ፦ ገዢው ተፈትኖ፣ ተለክቶ፣ ከተክል ተነሥቶ እዚህ የደረሰውን ሜትፎርሚን «ኬሚካል ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይዘጋበታል፤ ያልተፈተነውን፣ ያልተለካውን፣ ምን እንደተቀላቀለበት ፈጪው ብቻ የሚያውቀውን ዱቄት «ተፈጥሮ ነው» ብሎ ጠዋትና ማታ በሙቅ ውኃ ይጠጣል። ስኳሩ በዝምታ ይወጣል። ሞንታርቦው በዚያ ሰዓት ሌላ ከተማ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ሳይመዘገብ ገበያ አይወጣም ይላል። አዋጁን ያወጡት ሰዎች ሞንታርቦ ስላልነበራቸው ገበያተኛው አልሰማቸውም።

ሽፈራው ያማረው ቀቅሎ ይብላ፤ ጎመንም ሞልቷል። የስኳር ወይም የግፊት ኪኒን የታዘዘለት ሰው ግን ዱቄቱን ገዛም አልገዛም ኪኒኑን አያቋርጥ። ከገዛም ለሐኪሙ ይንገር፤ ቅጠሉ እንደተባለው ስኳር የሚቀንስ ከሆነ ከኪኒኑ ጋር ተደምሮ ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል።