የሟች አቶ ሳይክል የሕይወት ታሪክ

ወዳጆቼ፣ ድንኳኑ ጠባብ ነው፤ ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ። ንፍሮው እስኪደርስ የሟችን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ዕድሩ የመረጠኝ አንደበተ ርቱዕ ሆኜ አይደለም፤ እዚህ ካለነው ሁሉ ሟችን ከእኔ በላይ ገልብጦ ያያቸው ስለሌለ ነው።

ሟች አቶ ሳይክል ከአባታቸው ከካርል ድራይስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1817 በጀርመን አገር ተወለዱ። ያኔ ፔዳልም ካቴናም አልነበራቸውም፤ የተቀመጠው ሰው ራሱ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄደው። (ካቴና የተበጠሰበት የባሕር ዳር ተማሪ ሁሉ ይህንን ዘዴ ያለ አስተማሪ ደርሶበታል።) ጎማቸው በአየር እንዲሞላ ያደረገላቸው ደግሞ ጆን ደንሎፕ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ የከብት ሐኪም ነው። ቤልፋስት ላይ ለልጁ ባለሦስት እግር ሳይክል ብሎ ሠራውና በ1888 የፈጠራ መብቱን አወጣ። አየር ባይኖር ቀዳዳ የለም፤ ቀዳዳ ባይኖር እኔ የለሁም። ከልጆቼ አንዱ እንኳ የእንስሳት ሕክምና ቢማርልኝ ውለታውን የመለስኩ ይመስለኝ ነበር፤ ሁሉም አካውንቲንግ ገቡ።

ሟች ባሕር ዳር የገቡበትን ቀን የመዘገበ የለም። የገቡበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው፤ ከተማዋ ሜዳ ናት። በጣልያን የጦር ካሳ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊ ቴክኒኩ ተቋቋመ፤ ቀጥሎም ፔዳጎጂ አካዳሚው መጣ። ፈረቃ የሚረፍድበት ሠራተኛና ክፍል የሚረፍድበት ተማሪ ሜዳ ከተማ ላይ ከተገናኙ ሳይክል ሳይጠራ ይመጣል። ሁለቱ የትምህርት ተቋማት ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተመርቀዋል። እኛ ግን ዛሬም ፖሊ እና ፔዳ ነው የምንለው፤ ሟችም ሌላ ስም ሳይለምዱ ነው ያረፉት።

የእኔ ሱቅ ከፔዳ በር ብዙ ያልራቀች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ ቸርኬ ተሰቅሏል፤ ጥግ ላይ ውሃው የማይቀየር ሳፋ አለ፤ በር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር። ሟች በዘመናቸው በብዛት ፎኒክስ ነበሩ፦ የሻንጋይ ሥራ፣ ጥቁር፣ ባለሃያ ስምንት፣ ፓራፋንጎአቸው የሚያብረቀርቅ። አሰልፌ በሰዓት አከራያቸው ነበር። መያዣው መታወቂያ ነው።

ፍሬሽ ተማሪ የገባ ሰሞን ሱቄ በር ላይ ግርግር ነው። ከበቅሎ በቀር ምንም ተቀምጦ የማያውቅ የደጋ ልጅ መሪውን እንደ ልጓም ወደ ደረቱ እየሳበ «ቁም! ቁም!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፍሬን የሚባል ነገር እንዳለ ሳይነግሩት የመንገድ ዳሩ ዘንባባ ቀድሞ ያገኘዋል። ዘንባባው ለከተማዋ ውበት ነው የተተከለው ይባላል፤ በበኩሌ ለንግዴ ነው ብዬ አምን ነበር።

አሁን ሐዘንተኞች ከፈቀዱልኝ ስለ ጥገናው ትንሽ ልበል። ሟችን ትገለብጣቸዋለህ፤ በመሪያቸውና በኮርቻቸው ይቆማሉ። ጎማውን በሁለት የማንኪያ እጀታ ፈልቅቀህ ከመነዳሪውን ታወጣለህ። ነፍተህ ሳፋው ውስጥ ዙሪያውን እያዞርክ ትነክረዋለህ፤ ቡልቅ ቡልቅ ያለበት ላይ የክብሪት እንጨት ስንጣሪ ሰክተህ ምልክት ታደርጋለህ። አድርቀህ በብርጭቆ ወረቀት ትፍቀዋለህ፤ ማስቲሽ ትቀባዋለህ። ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ ምንም አታደርግም። ማስቲሹ እስኪደርቅ አሥር ደቂቃ ቁጭ ትላለህ። ሳይደርቅ የለጠፈ ጎሚስታ ደንበኛውን ከአንድ መታጠፊያ በኋላ እየገፋ ሲመለስ ያገኘዋል።

የሞተችው ያቺ አሥር ደቂቃ ናት። እናንተ ብረት የምንቀብር መስሏችሁ ነው የመጣችሁት።

በዚያች አሥር ደቂቃ አግዳሚዬ ላይ አብሮ የሚቀመጠው ሰው ሌላ የትም አብሮ አይቀመጥም። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ የወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የጥጥ ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ፤ ከጎኑ ዶክተር የተባለ መምህር፣ ካቴናው እንዳይዝበት የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ የከተተ፤ ቀጥሎ ደግሞ ነገ በዚሁ መምህር የሚፈተን ልጅ፣ ያላነበበውን ሀንድአውት ከጀርባው የደበቀ። አንድ ጠዋት የፊዚክስ መምህሩ አረፋ ከውሃ ውስጥ ለምን ወደ ላይ እንደሚወጣ ከአርኪሜዲስ ጀምሮ አስረዳን። ሠራተኛው በትዕግሥት ሰምቶ ሰምቶ «ጌታዬ፣ መውጣቱንስ ይውጣ፤ እኛን የቸገረን በየት እንደወጣ ነው» አለው። ተማሪው ሊስቅ ከንፈሩ ከተከፈተ በኋላ ውጤቱ ትዝ አለውና ሳፋውን በጥሞና ያይ ጀመር። እንደዚህ ያለው ትምህርት ክሬዲት ባይኖረውም ቀሪ አልነበረውም።

ስለ ፊት ብረታቸው ካልተናገርኩ ደግሞ ሟች ይታዘቡኛል። የኋላው መጫኛ የእኅት ነው፤ የፊቱ ብረት የእጮኛ። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ጣና ዳር ሲወርዱ ማን የት እንደተቀመጠች ያየ ሰው የዓመቱን ሰርግ ቆጥሮ መያዝ ይችላል። ጥቅምት ላይ ከኋላ ጀምራ ሰኔ ላይ ወደ ፊት የተዛወረች አውቃለሁ። ፊት ሄዳ ኋላ የተመለሰችም አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ልጁ ያለወትሮው በኪራዩ አልተከራከረኝም።

ወደ ሞታቸው ምክንያት ልምጣ። ለቀስተኛው ሁሉ ባጃጅን ሲያማ እሰማለሁ። እኔ አላማም፤ ባጃጅ ሦስት እግር ያለው የሩቅ ዘመድ ነው፤ ደንሎፕም የጀመረው በሦስት እግር ነው። ሟችን የገደላቸው ይሉኝታ ነው። በኪራይ ሳይክል አድጎ የተመረቀ ሰው ሥራ በገባ ማግስት «የተማረ ሰው እንዴት በሳይክል?» ይባላል። የሚለው ደግሞ ባዳ አይደለም፤ አማቱ ናት። እሱ ሳይክሉን ለታናሽ ወንድሙ ይሰጣል፤ ታናሽ ወንድም ማስተርሱን ሲጀምር ለዘበኛው ይሰጣል፤ ዘበኛው ለልጁ ሲሰጥ ልጁ «ሞተር ካልሆነ አልፈልግም» ይላል። ሐኪም ቢጠራ ኖሮ የሟች ልብ የቆመችበትን ሰዓት እዚህ ላይ ነበር የሚጽፈው። የመለዋወጫው መወደድ ተጨማሪ ሕመም ነው፤ ለብቻው አይገድልም ነበር።

እንደ ወጉ ሰው ከሞተ በኋላ ይከበራልና፣ ሟችም ይህ አልቀረባቸውም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ የሳይክል መንገድ አለው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ፣ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ጠጠር ውስጥ እየገቡ የኖሩ ሰው የራሳቸውን መንገድ በዚህ ሰዓት አገኙ። ሳየው ደስ አለኝ፤ ጥርት ያለ ነው፤ እሾህ የለበትም፤ ጎሚስታም አያስፈልገው።

እዚያ ማዶ እጁን ያወጣ ሰው አያለሁ። አዎ፣ አንተ። «ትናንት ሽምብጥ ሰፈር ሳይክል አይቻለሁ» ነው የምትለው? እኔም አይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ሸማ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውን ሽማግሌ ነው ያየኸው፤ እሱ ሟችን ሊያስታምም የቀረ ነው። ዘመዶቻቸውም በሌላ አገር ደህና ናቸው። ፅጋቡ ግርማይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር አረንጓዴውን ማሊያ ለብሶ ጨርሷል። ለቀብሩ አልደረሱም፤ ሩጫ ላይ ናቸው።

በስተመጨረሻ የዕድሩ ዳኛ የሟች ዕዳ ካለ እንዲነገር አዘዋል። ሟች የሚፈለግባቸው የለም። የሚፈለግላቸው ግን አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አለ። መታወቂያ አስይዘው ሳይክል ተከራይተው፣ ሰዓቱ አልፎባቸው፣ ሳይክሉን በጨለማ በሬ ላይ አስደግፈው የጠፉ ናቸው። መታወቂያ ጠፋብኝ ብለው ሌላ አውጥተዋል። ፎቷቸው አፍሮ ነው፤ አሁን ቢያዩት ራሳቸውን የሚለዩት በጆሯቸው ብቻ ነው። ዛሬ መታወቂያ ላይ የሚፈርሙት እነሱ ሆነዋል አሉ። አንዳንዶቹን እዚሁ ድንኳን ውስጥ አይቻለሁ፤ ስም አልጠራም፤ ለቅሶ ነው። ብቻ ንፍሮ ከመዝገናቸው በፊት በእኔ በኩል ይለፉ፤ ሒሳቡን በድሮው ዋጋ አስብላቸዋለሁ።