ስብሰባው በሰላም ተጠናቀቀ

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰርቪስ የምንሳፈርበት ጥግ ላይ ስምንት ሆነን ቆመናል። 1 ሰዓት ሆነ፤ መኪናው የለም። መንገድ ተዘጋግቶበት ይሆናል ተባባልን። 1 ሰዓት ከሩብ ሲሆን አንዷ ባልደረባችን ለሹፌሩ ደወለች። «እንዴ! አልነገሯችሁም እንዴ?» አላት፤ «ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል እኮ። እኔን ዕቃ ማመላለስ ላይ መድበውኛል።» የታክሲ ሰልፍ ይዘን፣ ተጋፍተን፣ 2 ሰዓት ከ40 ላይ ገባን። የጣት አሻራ ማሽኑ ምክንያት አይሰማም፤ አርባ ደቂቃ ረፈደብን። ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው 4 ሰዓት ላይ ነው።

«ባጋጠመው ወቅታዊ ሁኔታ ምክንያት የሠራተኞች ሰርቪስ ላልተወሰነ ጊዜ የተቋረጠ መሆኑን እየገለጽን፣ ለምታደርጉት ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ይላል። ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው፤ ምክንያት የለውም።

ይቺን «ወቅታዊ ሁኔታ» የምትባለውን አንድ ቀን በአካል ባገኛት ብዙ የምጠይቃት ነበረኝ። ደመወዝ በ30 ፈንታ በ7 ሲገባ እሷ ናት። የትርፍ ሰዓት ክፍያ «በሚቀጥለው ወር ይታያል» ሲባል እሷ ናት። የመጸዳጃ ቤት ሳሙና ሲያልቅም እሷው ናት። ነዳጅ ነው? ጎማ ነው? መኪናው ተሸጦ ነው? ይህን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሹፌሩ ከዓርብ ጀምሮ ያውቃል። ጥበቃው ያውቃል። ሻይ የምታቀርብልን እናት ከሐሙስ ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ «የምታውቁ መስሎኝ ነው ልጆቼ» አለችን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለእኛ መሥሪያ ቤት የተተረተ ይመስለኛል።

ነገሩ የጀመረው ሰርቪሱ ላይ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ጠዋት 74 ገባ፤ ሳምንታት ቆጥሮ መቶን ተሻገረ። የምንሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ወረቀቱም ቀለሙም ፕሌቱም ከውጭ ይመጣል። ስለዚህ አለቃችን በዚያ ሰሞን እንቅልፍ እንዳልተኛ እናውቃለን፤ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ስልክ ይዞ ግቢውን ሲዞር ነበር የሚውለው። ያኔ አንድ ቀን ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ «ልጆች፣ ወረቀት በዚህን ያህል ጨመረብን፤ የያዝነው ውል በድሮ ዋጋ ነው፤ ለስድስት ወር ጭማሪ አትጠብቁ» ቢለን ምን እንል ነበር? እናዝን ነበር፤ ግን እናምነው ነበር። እሱ ግን ሁላችንን አዳራሽ ሰብስቦ «እኛ ቤተሰብ ነን» አለን።

ቤተሰብ! እኔ ባደግኩበት ቤት ዱቄት ሲያልቅ እናቴ «ዛሬ ቆሎ ነው» ትለናለች እንጂ «ባጋጠመ ወቅታዊ ሁኔታ» አትልም።

ስለ ስብሰባችን ካነሳሁ አይቀር ላውራችሁ። በየሦስት ወሩ ነው። ለእያንዳንዳችን አንድ ሃይላንድ ውኃ ይቀርባል። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ፕሮጀክተር ላይ ቀስት ወደ ላይ ሲወጣ እናያለን። (ኪሳችን ወደ ታች ሲወርድ የሚያሳይ ቀስት ግን አይቼ አላውቅም።) ልክ ምሳ ሰዓት ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው «መድረኩ ክፍት ነው፤ በነፃነት ተናገሩ» ይባላል። ሁሉም የጫማውን ማሰሪያ ያያል። በመጨረሻ አንዱ ይነሣና «በመጀመሪያ ድርጅቱ ይህን የውይይት መድረክ ስላዘጋጀልን ላመሰግን እወዳለሁ» ብሎ ይጀምራል፤ ስለ ደመወዝ ሊናገር ነው ብለን ጆሯችን ሲቆም፣ የምሳ ክፍሉ ማራገቢያ ይጠገንልን ብሎ ይቀመጣል። «ጥሩ አስተያየት ነው፤ ይዘነዋል» ይባላል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ስብሰባው በሰላም ተጠናቀቀ» ተብሎ ይጻፋል። እውነተኛው ስብሰባ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ በር ላይ ካለችው ጀበና ቡና ሸራ ሥር ነው። የማይነሣ የለም፣ የማይታማ የለም። አለቃም ያንን ያውቃል፤ እኛም እንደሚያውቅ እናውቃለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የአስተያየት ሣጥንም አለን፣ እንዳትንቁን። ቁልፉ ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሆነው። የቴሌግራም ግሩፕም አለን፤ መጻፍ የሚችለው አስተዳደሩ ብቻ ነው። እንኳን አደረሳችሁ እዚያ ይመጣል፤ ማስጠንቀቂያም እዚያው ይመጣል። እኛ የተፈቀደልን አውራ ጣት ማሳየት ነው።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የ2017ቱ ክረምት ነው። የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ያልተጣራ 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው ድሮ 2,045 ብር ይቆረጥበት የነበረው ወደ 1,650 ወረደለት፤ ጡረታውን 700 ቀንሰን እጁ ላይ የሚገባው ከ7,255 ወደ 7,650 ወጣ ማለት ነው። እኛ ይህን ማን ነግሮን! 395 ብር ተጨምሮ ስናይ ጭማሪ መስሎን ተሳሳቅን። አንዱማ አለቃ ቢሮ ገብቶ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ። አለቃም ዝም ብሎ ተቀበለው። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ «በዚህ የኑሮ ውድነት እንኳ በእጃችሁ የሚገባው እንዳደገ ታውቃላችሁ» ሲለን፣ ሂሳብ ክፍል ያለችው ልጅ አንገቷን ደፋች። ከሸራው ሥር ቡናዋን ይዛ ነው ሹክ ያለችን፦ «የቀነሰው የመንግሥት ግብር ነው፤ ድርጅቱ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም።» ምስጋና ባቀረበው ልጅ እስከ ዛሬ እናሾፍበታለን። እኔ ግን የማፍረው በእሱ አይደለም።

በዚያ ላይ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ እንደሚል በዜና ሲነገር፣ የሰፈሬ ባለሱቅ ለእኔም የተጨመረልኝ መሰለው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፣ አይመለከተኝም ብለው «ታዲያ እናንተን ምን አሏችሁ?» አለኝ። ምን ልበለው? ምንም አላሉንም። እንጨምራለንም አላሉ፣ አንጨምርምም አላሉ። «በጥናት ላይ ነው» ነው የተባለው።

አሁን ደግሞ ሠራተኛ ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ አለ። ምንጩ አይታወቅም፤ ምናልባት ሹፌሩ ነው። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ቅነሳ ከመደረጉ በፊት አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት ይላል። ከእኛ ጋር ማንም አልመከረም። እዚህ ላይ ግን ወደ ራሳችንም ልመለስ፤ እሮሮ ነው ተብሎ ራስን መተው ደግ አይደለም። በዚያው አዋጅ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። እኛ ሰባ አራት ነን። ማኅበር የለንም። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዞሮ ማንም የመጀመሪያውን መስመር ሳይፈርም ተመለሰ። ሁሉም ሁለተኛ ለመፈረም ዝግጁ ነው። ከሸራው ሥር አንበሳ የሆንን ሰዎች አዳራሹ ውስጥ የጫማ ማሰሪያ የምናይ እኛው ነን። ዝም አይነቅዝም እያልን አሥር ዓመት ሞላን። አለቃም ዝም ያለው ከእኛ ተምሮ ይሆን? አላውቅም፤ ግን መጀመር ያለበት እሱ ነው፤ ከተናገረ ከሥራ የሚያባርረው የለማ።

በሰርቪሱ ጉዳይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ደፈርን። ያን ሰኞ ጥግ ላይ የቆምነው ስምንታችን ለአለቃችን ማመልከቻ ጻፍን። ፊርማችንን በክብ አደረግነው፤ የመጀመሪያው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፦ መኪናው ለምን ቀረ? ይመለሳል ወይስ አይመለስም? መዝገብ ቤት ተቀብሎ ማኅተም መታበት። በየጠዋቱ ጸሐፊዋን እንጠይቃታለን፤ «ጠረጴዛቸው ላይ ነው» ትለናለች።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ ማመልከቻው ጠረጴዛዎ ላይ ነው። «አይመለስም» ብለውም ቢሆን ይመልሱልን፤ ታክሲ ሰልፍ ለመያዝ ስንት ሰዓት እንደምንነሣ እንወቀው።