መቶ በሬ ያረድንለት እንግዳ

ሐምሌ ሲገባ ግሪክ አገር ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ይወርዳል አሉ። አቃቂ ደግሞ ባሕሩ ራሱ ወደ ሰው ይመጣል። ከደጃፌ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ዋልካ ነው፤ ዋልካ ክረምት ከገባበት የያዘውን አይለቅም። በቀደም አንዱን ቦቲዬን ውጦ አስቀረው፤ እግሬን ስለመለሰልኝ ፈጣሪዬን አመስግኜ በካልሲ ገባሁ። መብራቱ ማታ ማታ ይሄዳል። ቴሌቪዥኑን የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወርሰውታል፤ ዜና ልስማ ብል «አባባ፣ ትንሽ ይቆዩ» ይሉኛል። እንግዲህ ጡረተኛ ምን ይሥራ? ጋቢዬን ተከናንቤ መስኮት ሥር እቀመጥና ግሪኮቹን አነባለሁ። አገራቸውን አልረገጥሁም፤ ሳሪስ ደርሶ ለመመለስ የሚያጉረመርም ጉልበት ይዤም የምረግጥ አይመስለኝም።

ንባቡስ ደግ ነበር። የሚያንገበግበኝ የማነበው ነገር ነው፤ ለካ ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ እኛ ኖሯል!

የሆሜርን ኢልያድ ክፈቱ። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ አኪለስ ከአለቃው ከአጋሜምኖን ጋር ይጣላል፤ እናቱን ቴቲስንም ወደ ዜውስ ሄደሽ አቤት በይልኝ ይላታል። እሷ ግን ዜውስ የለም ትለዋለች። ትናንት አማልክቱን ሁሉ አስከትሎ እንከን ወደማይወጣላቸው ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዷል፤ በ12ኛው ቀን ይመለሳል። ለጉዳይ ቢሮ ሄዶ «ኃላፊው መስክ ላይ ናቸው» የተባለ ሰው ይህን ሲያነብ ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል። እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ሒሳቡን ሳስበው ሳቄ ቆመ። አማልክት በሙሉ፣ 12 ቀን! እኔ አማቼ እሑድ ለምሳ እመጣለሁ ያለ እንደሆነ ቅዳሜ ሌሊት ሽንኩርት እያሰብሁ ነው የማድረው።

የዚያው የሆሜር ኦዲሲ ይብሳል። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ኦዲሲየስን ጠምዶ አገሩ እንዳይገባ ከልክሎታል። መጽሐፉ ሲጀምር ታዲያ ፖሲዶን የት ነው? እኛ ዘንድ! መቶ ከብት የሚታረድበት መሥዋዕት ቀርቦለት፣ በሬው በግ እየተጨመረበት፣ ደስ ብሎት ተቀምጧል። የቀሩት አማልክት ይህን አጋጣሚ አግኝተው ኦሊምፐስ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሰውዬው ይለቀቅ ብለውም ይወስናሉ። ልብ በሉ፤ ኦዲሲየስን ያስፈታው የእኛ ድግስ ነው። መቶ በሬ አቃቂ ከብት ተራ ሄዳችሁ ዋጋውን ጠይቁና ንገሩኝ። ለዚህ ሁሉ ማን አመሰገነን? ኦዲሲየስ እንኳ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

የእኛም ሰዎች ግን ጥፋት አለባቸው። ፖሲዶን ከእኛ ዘንድ ሲመለስ ነው ኦዲሲየስን በገዛ እጁ በሠራት ታንኳ ባሕሩ ላይ ያየውና ማዕበሉን ያስነሣበት። ምነው ሦስት አራት ቀን ቢያቆዩት! እኔ ብሆን «ገና መልስ አለ፣ ከመልሱ ቀጥሎ ቅልቅል አለ፣ ሳይቀምሱ እንዴት ይሄዳሉ» ብዬ በሞቴ ስለው፣ ሰውዬው ይህኔ ደረቅ መሬት በረገጠ ነበር።

ሄሮዶቱስን የጀመርሁት ለመጽናናት ነበር። ይህኛው ባለ ታሪክ ነው፣ ቅኔ አያበዛም ብዬ። በሦስተኛው መጽሐፉ የፋርሱ ካምቢስ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ሰላዮች ይልካል፤ ስጦታ ያመጡ መስለው። ንጉሡ አንድ በአንድ ይመረምራቸዋል። የወርቁን ሐብል ሲያይ እግር ብረት መስሎት ይስቃል፤ የእኛው ይጠነክራል ይላል። ቀጥሎ ጌታችሁ ምን ይበላል፣ ስንት ዓመትስ ይኖራል ብሎ ይጠይቃል። ዳቦ ይበላል፣ ቢበዛ 80 ዓመት ይኖራል ይሉታል። ንጉሡም ፋንድያ እየበላችሁ ዕድሜያችሁ ማጠሩ ምን ይገርማል፣ ያንንም ያህል ያቆያችሁ ያመጣችሁት ወይን ነው ይላቸዋል። የእርሱ ሰዎች ቅቅል ሥጋ እየበሉ፣ ወተት እየጠጡ እስከ 120 ይኖራሉና። እኔን ደግሞ ሐኪሙ ሥጋውን ተው፣ መጠጡን ተው፣ ዳቦ ብላ ይለኛል። የዛሬ 2400 ዓመት የተዘጋ ፋይል ነው እኮ! 120ውም ቢሆን ይቅርብኝ፤ በየትኛው ጡረታ?

የውኃውን ነገር ባላነበብሁት ይሻለኝ ነበር። ኢትዮጵያውያን የሚታጠቡበት ምንጭ ነበራቸው ይላል፤ ገላ እንደ ዘይት የሚያወዛ፣ የአበባ ሽታ የሚሸት፣ ከቅለቱ የተነሣ እንጨት እንኳ የማይንሳፈፍበት። ይህን ያነበብሁት መስኮቴን ዘግቼ ነው። የዘጋሁት ለብርዱ አይደለም፣ ለአቃቂ ወንዝ እንጂ። የፋብሪካውንም የከተማውንም ጉድ ጠርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርድ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ አይቸዋለሁ። ሄሮዶቱስ ቢመጣ ድልድዩ ላይ አቆመው ነበር። የማይንሳፈፍ ነገር ካገኘ እሰየው፤ እዚህ ሁሉም ይንሳፈፋል፣ ፕላስቲኩ፣ ጫማው፣ አንዳንዴም በግ።

እስረኞቻቸውንም በወርቅ ሰንሰለት ያስሩ ነበር ይላል፤ ነሐስ ከወርቅ ይልቅ ውድ ስለነበረ። ይህን እንኳ የቃሊቲ ሰው ሆኜ አስተያየት ባልሰጥ ይሻላል።

አሁን የተማረ ሰው መጥቶ «አባባ፣ ሄሮዶቱስ ኢትዮጵያ የሚለው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር፣ የእነ ሜሮዌን ምድር ነው» ይለኛል። አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ። መሬቱን ውሰድ፤ ሙገሳዋን ግን ተውልኝ። ክረምቱን በምን ልግፋው?

ከዚያ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ዞስካሌስ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕርን ንግድ የጻፈ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ መርከበኛ፣ በአዱሊስ በኩል ያለውን አገር ስለሚገዛው ስለዚህ ሰው ሲናገር፣ ስስታም ነው፣ ባለው አይረካም፣ በቀረው ግን ቅን ሰው ነው፣ የግሪክኛ ንባብም ያውቃል ብሎ ጽፏል። ጮክ ብዬ ያነበብሁላት ባለቤቴን ለማስደነቅ ነበር። ከምስሩ ላይ ቀና ሳትል «አንተኑ ነው የጻፈው» አለችኝ። ቅን የሚለውን አልሰማችም።

ከዞስካሌስ ወዲህ የሆነውን ብዘረዝር ወረቀት አይበቃኝም። ዒዛና ድሉን ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ ከግዕዙ አጠገብ በግሪክኛም አስቀርጿል። ብሉይ ኪዳን ወደ ግዕዝ የገባው ከግሪኩ ነው። የግዕዙን ቁጥር ከ፩ ጀምሮ ያበጁልን የግሪክ ፊደላት ናቸው። ይህን ለልጅ ልጄ ስነግረው ስልኩን እየነካካ «እሺ አባባ» አለኝ፤ የመቶን ምልክት ጻፍ ብለው ሁለት ዜሮ ያደርጋል።

ግሪክን በዓይኔ ያየሁት በቴሌቪዥን ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ነሐሴ፣ በአቴንስ ኦሊምፒክ፣ ያኔ ቴሌቪዥኑ የእኔ ነበር። የ10 ሺህ ሜትሩን ሩጫ ታስታውሳላችሁ። ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ሆነው እየዞሩ ወደኋላ ያያሉ፤ ኃይሌን እየጠበቁ ነው። እግሩ ታሞ ነበር፤ አምስተኛ ወጣ። እነርሱ ወርቁንና ብሩን ወሰዱ። ለታላቁ ዞሮ የሚያይ ወጣት ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይማ አይነሣ።

ከማንበብ አልፌ መጻፍም ጀምሬያለሁ። ዕድሜዬን ፋብሪካ ውስጥ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝና ሌላ አጻጻፍ አይመጣልኝም፦

«ለክቡር ዜውስ፣
ኦሊምፐስ።
ጉዳዩ፦ ለ12 ቀን ግብዣ የወጣ ወጪ እንዲተካልን ስለመጠየቅ።
ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ በእንግድነት ቆይተው መመለስዎ በሆሜር ጽሑፍ ተረጋግጧል። ሆኖም እስካሁን ብድራችን አልተመለሰም። ገንዘቡ ባይገኝ እንኳ የዝናብና የመብረቅ ጉዳይ በእጅዎ እንደ መሆኑ መጠን፣ በአቃቂ ቃሊቲ ላይ ለአንድ ሳምንት ፀሐይ እንዲፈቀድልን ስል በትሕትና እጠይቃለሁ።
ግልባጭ፦ ለክቡር ፖሲዶን።»

ንስሐ አባቴ እንዳያዩብኝ ፍራሽ ሥር ነው ያስቀመጥሁት።

አንድ ቅሬታ ቀርቶኛል፤ ይህኛው የዜውስ ጥፋት አይደለም። ኦዲሲዬን እዚሁ ሰፈር ላለ ወጣት አውሻለሁ። ለሦስት ቀን ብሎ ወስዶ ድምፁ ጠፋ። የወሰደውም ክፉ ቦታ ላይ ነው፤ ዘጠነኛው ምዕራፍ መካከል፣ ኦዲሲየስና ጓደኞቹ አንድ ዓይን ብቻ ባለው በፖሊፊመስ ዋሻ ውስጥ ተዘግቶባቸው ሳለ። ግዙፉ በአንድ ገበታ ሁለት ሁለት ሰው ይበላል፤ እራት ላይ ሁለት፣ ቁርስ ላይ ሁለት። አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብህ መጽሐፉን በዚህ ሳምንት አምጣልኝ። ሰው እያለቀ ነው።