ቮልት የሌለው መብራት

ማታ 1 ሰዓት ላይ ነቀምቴ ውስጥ «ቮልት የለውም!» የማይባልበት ግቢ ማግኘት ይቸግራል። መብራቱ አልጠፋም፤ አምፖሉ ግን ቀላ ብሎ ይርገበገባል፣ ፍሪጁ ሊነሳ ይሞክርና ያጉረመርማል። ጊምቢ ወይ ደምቢ ዶሎ ያለ ዘመድ ሲደወልለትም ወሬው ይኸው ነው።

ቮልት የሰው ስም ነው። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ይፋ አደረገ። በ1881 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የእሱን፣ የፈረንሳዩን የአምፔርንና የጀርመኑን የኦምን ስም ለመለኪያነት ያጸደቁት ልኩ የትም አገር አንድ እንዲሆን ነበር። እኛ ዘንድ ምጣዱ ላይ 220 ቮልት ተብሎ የተጻፈው ማታ በቴስተር ሲለካ 160 ሆኖ ይገኛል።

የጎደለችው 60 ቀላል አትምሰላችሁ። ቮልቱ ከሩብ በላይ ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ 3000 ዋት የተባለው 1600 እንኳ አይሞላም። እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሊጡ ነጭ እንደሆነ ይደርቃል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ሲነሳ ይበጣጠሳል። አንዷ እስክትወጣ ሙቀቱ ባየር ይባክናል፣ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል። ለአንድ መሶብ እንጀራ የምንከፍለው በደካማው መብራት ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ሰው ተኝቶ ቮልቱ ሻል ሲል፣ ሌሊት 9 ሰዓት እየተነሱ ይጋግራሉ።

ወፍጮ ቤቶች ደግሞ የባሰባቸው ናቸው። ወፍጮውን ከሚያዞሩት ሦስት የመብራት መስመሮች (ፌዞች) አንዱ ሲጎድል ሞተሩ ያጓራል፤ ቶሎ ካልጠፋ ይቃጠላል፣ ማስጠቅለያው የስንት ቀን ገቢ ይበላል!

ስታቢላይዘር ግዙ ይሉናል። ስታቢላይዘሩ ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ከመስመሩ ተጨማሪ አምፔር ስቦ ነው፤ እኛ በገዛን ቁጥር መስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ጎረቤት ይጎዳል።

ቮልቱ የሚወርድበትን ምክንያት ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ጽፎታል፦ ሽቦው በረዘመና በቀጠነ፣ የሚያልፍበትም አምፔር በበዛ ቁጥር መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት ይጨምራል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ወፍራም ሽቦ፣ ቅርብ ትራንስፎርመር። እኔን የሚያንገበግበኝ የፊንጫ የውሃ ኃይል ማመንጫ እዚሁ ወለጋ ውስጥ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአገር ያመነጫል፤ የነሼ ማመንጫም ተጨምሮበታል። ውሃው ከዚህ ነው፣ መሬቱ በውሃ የተዋጠበትም ገበሬ የዚህ ሰው ነው። እንጀራ የሚያበስል ቮልት እዚህ እንዴት ይጠፋል?