«ዓሣ እንደ ገንዳው ያድጋል» ላልከው

ኑ፣ ሰብሰብ በሉ! ይህ ወንድማችን ንጉሠ ነገሥቱን በ100 ሊትር ውሃ ሊያነግሠው ነው። «ዓሣ እንደ ገንዳው ያድጋል፤ ገንዳው ካነሰ እሱም ትንሽ ሆኖ ይቀራል» ይላል። በል እንግዲህ፣ የልጅህንም ጫማ አትቀይርለት። እግሩ እንደ ጫማው ያድግልሃል!

በጠባብ ገንዳና በቆሸሸ ውሃ ዓሣ አይቀጭጭም አላልኩህም። ይቀጭጫል። ግን ታሞ ነው እንጂ አንተን ታዞ አይደለም።

ዓሣው ማን እንደሆነ ለተሰበሰበው ሰው ልንገርልህ። ኤምፐረር ኤንጅልፊሽ ነው፣ «ንጉሠ ነገሥት መልአክ ዓሣ» እንደማለት፤ በሳይንስ ስሙ ፖማካንተስ ኢምፔራተር። ከቀይ ባሕር ተነስቶ፣ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ፣ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ይኖራል። አንተ «ገዛሁት» ትላለህ። ንጉሥ ይገዛል እንጂ አይገዛም! ያመጣኸው ገና ግልገሉን ነው፤ ጠቆር ባለ ሰማያዊ ላይ ነጭ ክብ ክብ የተሳለበትን። ሲያድግ ክቦቹ ይጠፉና ቢጫና ሰማያዊ ሸንተረር ይለብሳል። መልኩ እንዲህ ስለሚለያይ የድሮ ተመራማሪዎች ግልገሉን ሌላ ዓሣ ነው ብለው ሌላ ስም አውጥተውለት ነበር። እነሱ በመልኩ ተሸወዱ፣ አንተ በመጠኑ። እነሱ ይሻላሉ፤ ማንንም አላሰሩም።

አሁን ሜትርህን አውጣ። ሲያድግ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የአንተ ገንዳ ከፊተኛው መስታወት እስከ ኋለኛው ስንት ነው? 35 ሴንቲ! 40 ሴንቲ ዓሣ በ35 ሴንቲ ወርድ። ይዙር ወይስ ይታጠፍ? በፍቅሩ ክንፍ ብለሃል፤ ክንፉን የሚዘረጋበት ግን ነፍገኸዋል።

«ሲያድግ ትልቅ እገዛለታለሁ» አልክ? ሂሳቡን ስማው። 8 ሴንቲ የነበረው 32 ሲደርስ ርዝመቱ 4 እጥፍ ነው፤ ክብደቱ ግን 64 እጥፍ ገደማ። የሚበላው ሲያሻቅብ የሚያስወጣው አብሮ ያሻቅባል። ከዚያ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት እየለወጡ ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ ውሃው ትንሽ ሲሆን ግን ለአንዲት ቀን ስህተትህ እንኳ ፋታ አይሰጥም። ገንዳ ገንዳ ትላለህ፤ የቆሻሻ ገንዳ ማለትህ ከሆነ ቀድመህ ንገረንና እንስማማ!

«ማጣሪያዬ እኮ ኃይለኛ ነው፤ ቆሻሻ የሚገፍ ፕሮቲን ስኪመርም አለኝ!» ማጣሪያ ውሃ ያጠራል፤ ግድግዳ አያሰፋም። ጨው ገዝተሃል፣ ጨዋታህ ግን ጨው የለውም።

«እሺ፣ ወደ ላይ ረዘም ያለውን ልግዛ፤ ሊትሩ ያው ነው።» ሊትሩ ያው ነው፣ መንገዱ ግን ያው አይደለም። ይህ ዓሣ ድንጋይ ዳር ዳሩን ወደ ጎን እየዋኘ፣ የባሕር ስፖንጅ እየለቀመ የሚውል ፍጥረት ነው። ፎቅ አትሥራለት፣ ሜዳ ስጠው። ርዝመቱ 183፣ ወርዱ 61፣ ቁመቱም 61 ሴንቲ የሆነ ገንዳ 680 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ እኔ ከዚያ በታች ወሬውንም አልሰማም፣ ከ800 በላይ ብትል ደግሞ እጅህን እጨብጣለሁ። ድንጋዩና አሸዋውም ከውሃው ቦታ እንደሚሻሙ አትርሳ። ደግሞ 680 ሊትር የጨው ውሃ ብቻውን ወደ 700 ኪሎ ይጠጋል። ፎቅ ላይ የምትኖር ከሆነ ከዓሣ ሻጩ በፊት መሐንዲስ ጠይቅ፤ አለበለዚያ ዓሣውን ጎረቤትህ ሳሎን ታገኘዋለህ።

ይኼ ሰው አሁንም አልበቃውም! «ብቻውን እንዳይደብረው ሁለተኛ እጨምርለታለሁ።» ጠባብ ቤት ጠብ አያጣም፣ ወዳጄ። ስሙ መልአክ ስለሆነ ጠባዩም መልአክ መሰለህ? ግዛቱን በክርን ሳይሆን በጥርስ የሚያስከብር ነው። ሁለት ንጉሠ ነገሥት በአንድ ዙፋን ተቀምጦ አያውቅም። ሲያስፈራሩት ደግሞ ድም ድም የሚል ድምፅ ያሰማል። አንተ ዘፈን ሊመስልህ ይችላል፤ በዚያ ጥበት ግን «ክፈቱልኝ» ነው!

«ስድስት ወሩ ነው፤ ምንም አልሆነም።» ጠጋ በልና ፊቱን እየው። ዓይኑ ዙሪያና በጎኑ መስመር ላይ ቆዳው እየተቦረቦረ አይደለም? ትልልቆቹን ኤንጅልፊሾች በገንዳ ኑሮ የሚያጠቃቸው በሽታ ነው። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች መካከል የተበላሸ ውሃና የተጓደለ ምግብ ይገኛሉ፤ አንተ ቤት ሁለቱም አሉ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል። የማን አናት እንደሆነ የቆማችሁ ፍረዱ!

መልአክ ካማረህ ትንንሾቹ አሉልህ። ፍሌም ኤንጅልፊሽ እሳት የመሰለ ቀይ ነው፤ 10 ሴንቲ ብዙም አያልፍም። 250 ሊትር ከሰጠኸው ይኖርልሃል፤ ያንንም ሙሉውን እንጂ ግማሹን አይደለም።

«መቶዋን ሊትርስ ምን ላድርጋት?» ጥንድ ክላውንፊሽ አስገባባት፤ ለእነሱ ሰፈር ናት። ንጉሡን ግን በጣት ልክ እያለ ዛሬውኑ መልሰው። የሸጠልህ ሰው «ኧረ ችግር የለውም» ካለህ ስልኩን ያዝ፤ 40 ሴንቲ ሲሞላ በየሰዓቱ እየመጣ ያዙርልህ!