የብስክሌት ሆድ ዕቃ

ብስክሌት ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ ቀለሙን ያያል። ቀጥሎ ማርሹን ይቆጥራል፤ 21 ነው ሲሉት ፊቱ ይፈካል። ከዚያ ሾኩን ጫን ጫን ያደርግና እንደ ባለሙያ «እህ» ይላል። ኮርቻውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ዋጋ ይከራከራል። ሁለቱ ፔዳሎች ወደሚገናኙበት ወደ ብስክሌቱ ሆድ ጎንበስ ብሎ የሚመለከት ግን አላየሁም። በሰውም ቢሆን ሆድ ዕቃ የሚጠየቀው ከታመመ በኋላ ነው።

የሐዋሳ ሰው ቢዘናጋ አልፈርድበትም፤ ከተማው ሜዳ ነው። የእኛ የጌዴኦው ፍስሐ ገነት ግን ሌላ ነው። ከዲላ ተነስቶ በይርጋ ጨፌ አድርጎ ወደ ሞያሌ ከሚወርደው አስፋልት ወጣ ካልን፣ ያለን ምርጫ ሁለት ነው፤ ዳገት ወይ ቁልቁለት። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ደስ ብሎኛል። ዳገቱ ተመዘገበ፤ እሱን በፔዳል የሚወጣው ጉልበት ግን እስካሁን የሚመዘግበው አላገኘም።

በእንሰቱና በቡናው ጥላ ሥር ያለው አፈር ደግሞ ዝናብ ከነካው ቶሎ አይደርቅም። ጭቃው ካቴናው ላይ ይለጠፋል፤ ከካቴናው ወደ ጥርሱ፣ ከጥርሱ ወደ ሆዱ ይገባል። በለቀማ ወቅት በዚህ ላይ አንድ ማዳበሪያ እሸት ቡና ይጨመራል። ዳገቱ ሲብስ ባለ ብስክሌቱ ከኮርቻው ተነስቶ ፔዳሉ ላይ ይቆማል። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 175 ሚሊ ሜትር በሚረዝም የፔዳል ክንድ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲያሳርፍ 120 ኒውተን ሜትር ያህል የመጠምዘዝ ኃይል ይፈጠራል። የቤት መኪና ጎማ ቡሎን የሚጠብቀው በዚህን ያህል ነው። ልዩነቱ፣ የመኪናው ቡሎን አንዴ ጠብቆ ያርፋል፤ ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘው የእኛ ፐርኖ ግን በየእርምጃው ይጠመዘዛል።

ከዚያ ድምፁ ይጀምራል፤ ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ። ድምፅ ያወጣ ብስክሌት የሕዝብ ንብረት ነው። ባጃጅ ነጂው ሳይወርድ «ኩሽኔታ ነው!» ብሎ ያልፋል። ደጃፋቸው ላይ ቡና የሚያሰጡ እናት «ልጄ፣ ዘይት አጥቷል» ይላሉ። አንድ ወዳጄ «ሽጠውና ዕረፍ» ይለኛል፤ ማን እንደሚገዛው ግን አይነግረኝም።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከግራው ክንድ ነው። በብዙዎቹ ብስክሌቶች የፐርኖው ጫፍ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል። ክንዱ እዚያ ላይ ይሰካና በቡሎን እየተገፋ ይጨነቃል። ቡሎኑ ሲላላ ክንዱ መጫወት ይጀምራል፤ ፐርኖው ብረት፣ ክንዱ አሉሚኒየም ነውና ጠንካራው ለስላሳውን ይበላዋል። ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ቡሎኑን በመዶሻ ብታጠብቁት፣ በስለት ብታጠብቁት ያው ነው፤ ክንዱ መቀየር አለበት።

ወደ ውስጥ ስንገባ የቀድሞው ሥሪት ልቅ ኳሶች አሉት። ይፈታል፣ በጋዝ ይታጠባል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ይገጠማል። ችግሩ ጭቃ እንደ ቤቱ ይገባበታል፤ ሲፈታም ከኳሶቹ ግማሹን የሰፈር ልጆች ብይ ያደርጓቸዋል። ሁለተኛው ዓይነት ኩሽኔታውና ፐርኖው አንድ ላይ ታሽገው የሚመጡበት ነው። አይጠገንም፤ ሲያልቅ ወጥቶ ይጣላል። እስኪያልቅ ግን ጭቃውን ይችላል።

ማውጣቱ ነው ጉዱ። በእንግሊዝ ልክ በተሠሩት ብስክሌቶች የቀኙ ጎን ማሰሪያ ቀለበት ፊሌቶው የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ጠጋኙ ቁልፉ ላይ የውኃ ቱቦ ሰክቶ፣ ረዳቱን ቱቦው ላይ አቁሞ ወደ ግራ ሲታገል አየሁና «ወደ ሌላው ሞክረው እስቲ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ብረት የሚፈታው ወደ ግራ ነው» አለኝ፣ በትዕግሥት።

ብስክሌቱ በጣሊያን ልክ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ልጁ ልክ ነበር፤ በዚያ ሁለቱም ጎኖች ወደ ግራ ይፈታሉ። ካቴናውን፣ ካላማዳሪውን፣ ፊሌቶውን በጣሊያን አፍ የተማረ ጠጋኝ እንግሊዝ በቀኝ በኩል እንደሚሸምቅበት በምን ይወቅ? ፔዳሉ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የተገላቢጦሽ የሚፈታው የግራው ነው። በመጨረሻ ረዳቱ ደክሞት ወረደና በንዴት ቱቦውን ወደ ቀኝ ረገጠው። ቀለበቱ «ጠሽ» ብሎ ተፈታ። ጠጋኙ ረዳቱን ዞር ብሎ አየውና «እየውልህ፣ አላልኩህም?» አለው።

ሦስተኛው ዓይነት፣ የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ በ2003 እ.ኤ.አ. ያመጣው፣ ኩሽኔታው ከሆዱ ውጭ የሚገጠምና 24 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክፍት ፐርኖ የያዘው ሥሪት ግሩም ነው፤ ጠንካራም ቀላልም ነው፤ ግን ሲበላሽ የሚያቀብል ለሚከተለው ሰው ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ከኋላው ትርፍ ብስክሌት የጫነ የቡድኑ መኪና ይከተለው ነበር። እኔን ከኋላዬ የሚከተለኝ ቡና የጫነ አይሱዙ ነው፤ የሚያቀብለኝም ጥሩምባ ብቻ ነው። ፊሌቶ የሌለው፣ በግፊት ብቻ የሚገባው ዘመናዊ ዓይነትማ ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ማስገቢያውም ማውጫውም ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ቦታው በደንብ ካልገጠመ ደግሞ ከአዲስነቱ ጀምሮ ይንቋቋል።

ስለዚህ ለፍስሐ ገነት ዳገት የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሆዱ ፊሌቶ ያለው፣ የታሸገ ኩሽኔታና ባለ አራት ማዕዘን የብረት ፐርኖ ያለው ይሁን። መለዋወጫ ከመግዛታችሁ በፊት የሆዱን ስፋት ለኩ፤ ብዙ ጊዜ 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የፐርኖውንም ርዝመት ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። የክንዱን ቡሎን ከ35 እስከ 45 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፤ በአዲስነቱ ጥቂት ከነዳችሁት በኋላ መልሳችሁ ፈትሹት። ማውጫ መሣሪያውን ራሳችሁ ግዙና ጠጋኙን አውሱት። በላላ ቡሎን ዳገት የሚወጣ ሰው ግን በቻይና ዕቃም በጭቃውም አያሳብብ።