አባባ፣ ጎሉን አይናገሩብኝ!

በእኛ ቤት አንድ ጎል ሦስት ጊዜ ይገባል። መጀመሪያ ሳሎን፣ እኔ ዘንድ፣ በዲሹ በኩል። «ገባ!» ብዬ ከሶፋው ስነሳ የልጅ ልጄ ከመኝታ ቤቱ «አባባ! እኔ ጋ ገና ኮርና ነው፤ አይናገሩብኝ እንጂ!» ብሎ ይጮኻል። በኢንተርኔት የሚመጣው ኳስ ከዲሹ ኋላ ይቀራል አሉ። እሱ ጨፍሮ ሲያበቃ ደግሞ ከሰርቪስ ቤቱ የተከራያችን ጩኸት ይሰማል፤ ዋይፋዩ ግቢውን አቋርጦ እሱ ጋ እስኪደርስ ይደክማል። ሦስታችንም አርሴናል ነን። ሦስታችንም ደስ ብሎናል። ግን አንዱ ሲፈነጥዝ ሌላው ገና ጥፍሩን እየበላ ነው፤ ታዲያ ማን ማንን ይቀፍ?

ልጄ የግድግዳውን እኩሌታ የሚያክል ቴሌቪዥን ሰቅሎልኛል። እግዜር ይስጠው። የምናየው እኔና ድመቷ ነን፤ ድመቷም ኳስ አትወድም።

ቴሌቪዥን እዚህ አገር በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለሙን ለማየት ሃያ ዓመት ያህል ጠብቀናል። ስንቱ ቤት ነበረውና! ባለ ቴሌቪዥኑ ደጃፍ ላይ ጫማ ይከመራል። አባባ ተስፋዬ ተረት ሊያወሩ ብቅ ሲሉ የሰፈሩ ልጅ ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ሰላምታቸውን በአንድ ድምፅ ለሳጥኑ ይመልስ ነበር። ምስሉ ሲበላሽ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ መልእክት ያቀብላል፣ ውስጥ ያለነው «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ፣ መልሰው!» እንላለን። አንድ ዜና ለማየት ሦስት ሰው ያስፈልግ ነበር። ቴክኖሎጂ ማለት ያ ነው።

ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ተጣልተን ሰላምታ ካቋረጥን በኋላ መስከረም 1993 ዓ.ም. መጣ። ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት 10 ሺህ ሜትር ይሮጣሉ። የሰውዬው ቴሌቪዥን ተበላሽቶ ኖሮ ሳይጠራ ገብቶ ከሶፋው ጫፍ ተቀመጠ። አላየሁትም ብዬ ዝም አልኩ። የመጨረሻዋ መቶ ሜትር ላይ ክንዴን ጨምድዶ ይዞታል። ኃይሌ በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድም ተቃቅፈን አለቀስን። አጥሩ እስከ ዛሬ ተጣሞ እንደቆመ ነው፤ ሰውዬው ግን በሽማግሌ ሳይሆን በቴርጋት ምክንያት ታርቆኛል።

በ2008 ዓ.ም. ካና ቴሌቪዥን መጥቶ የድራማ ቱርኮቹን በአማርኛ ሲያናግራቸው፣ ባህላችን አለቀለት ብዬ በየማታው አጉረምርሜአለሁ። አንድም ክፍል ግን አላመለጠኝም፤ ለማጉረምረም ማየት ያስፈልጋል። ምራቴ ፊት ለፊት የማትደፍረኝን ነገር በቱርኩ አማት ላይ ትወጣው ነበር። «እስቲ አሁን በልጆቹ አስተዳደግ ምን ጥልቅ አደረገው!» ትላለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። እኔም ለስክሪኑ፣ «ሽማግሌ የሚናገረው ለበጎ ነው» እላለሁ። ባለቤቴ ቡናውን እየቀዳች፣ «ሁለቱም አበዙት» ትላለች። በረካው ሲደርስ ማንም የማንንም ስም ሳያነሳ ሁሉ ነገር ተነግሮ አልቋል።

አሁን ምራቴ ድራማውን የምታየው ማድቤት ነው፤ ጆሮዋን ደፍና፣ ስልኩን ሽሮው አጠገብ አቁማ። አንዳንዴ ብቻዋን ስትስቅ እሰማለሁ። የተቀየመችኝ እንደሆነ በምን ልወቅ? የትኛው አማት እኔ እንደሆንኩ የሚነግረኝ የለም።

ተከራዩንም ጠይቄዋለሁ። «አንተ ልጅ፣ ሳሎን ገብተህ አብረን ብናይ ምን አለበት?» ብለው፣ «ጋሼ፣ እንዳልረብሽዎት ብዬ ነው» አለኝ። እንዳልረብሽዎት! እኔ እኮ የሚረብሸኝ ሰው ነው የጠፋብኝ። ዳኛውን ስሰድብ፣ «ልክ ነው፣ ጋሼ» የሚል ሰው ከሌለ እኔ ጤነኛ ሰው መሆኔ በምን ይታወቃል?

ስለዚህ አዋጅ አውጥቻለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ኳሱ ሊጀመር ሲል የዋይፋዩን ሶኬት እነቅላለሁ። በሞባይል ዳታ አያለሁ የሚል ይግዛ፤ የሁሉንም ኪስ አውቀዋለሁ። ዋይፋይ በኪራዩ ውስጥ ተካቷል ብሎ የሚከራከር ተከራይ ካለም ሳሎን መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ በእረፍት ሰዓት ይከራከረኝ። ቆሎው ተቆልቷል።